ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፦ የአባትና የልጅ ጥያቄ

ቲቶሪያል የምንሰጣቸው እህት ወንድሞቻችን ስሌቱ አይከብዳቸውም፤ የሚከብዳቸው ዓረፍተ ነገሩን ወደ ኢኩዌሽን መቀየሩ ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አፕቲቲዩድ ላይ የተለመደውን ዓይነት እንይ፦ «የአባት ዕድሜ የልጁን 3 እጥፍ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ 2 እጥፍ ይሆናል። አባት አሁን ስንት ዓመቱ ነው?»

የልጁን ዕድሜ «ሀ» እንበለው፤ የአባት 3ሀ ይሆናል። ብዙዎች 3ሀ + 12 = 2ሀ + 12 ብለው ይጽፉና የልጁ ዕድሜ ዜሮ ሲወጣ ይደነግጣሉ። 12ቱ ዓመት እኮ ለልጁም ያልፋል! መጀመሪያ ይደመራል፣ ከዚያ ይታጠፋል፦ 3ሀ + 12 = 2(ሀ + 12)፣ ማለትም 2ሀ + 24። ከሁለቱም ወገን 2ሀ እና 12 ስንቀንስ ሀ = 12። (ይህን ከሁለት ወገን ማጣፋት አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን «ሙቃበላ» ብሎታል፤ «አልጀብራ» የሚለው ስምም የመጣው ከዚያው መጽሐፉ ርዕስ ነው።)

ምርጫው ውስጥ 12ን አይታችሁ እንዳታጠቁሩ። የተጠየቀው አባት ነው፤ 36። ሰዓት ካጠረ ከምርጫዎቹ ተነሱ፦ አባት 30 ቢሆን ልጁ 10፣ በኋላ 42 እና 22፤ አይሆንም። 36 ቢሆን 48 እና 24፤ ይሄው።