ዜግነት በቦረና ደጋ፦ ከይዞታ ደብተር እስከ መሸኛ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የሚዘልቀው መንገድ መካነ ሰላም ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ያዘቀዝቃል፤ ማዶው ጎጃም ነው። የዚህ ደጋ ሰው ከቀዬው ርቆ «አገርህ የት ነው?» ሲባል «ቦረና» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው ግን ብዙ ጊዜ የሚመስለው በደቡብ ያለው የከብት አርቢዎቹ ቦረና ነው። የስሙ መመሳሰል እንዲያው የመጣ አይደለም። ቦረና፣ ወረኢሉ፣ ለጋምቦ የሚባሉት ስሞች መነሻቸው ኦሮምኛ ነው፤ «ወረ» ወገንን ወይም ቤተሰብን፣ «ለጋ» ወንዝን ያመለክታል። የአገሩ አፍ ደግሞ አማርኛ ነው፤ እስላሙና ክርስቲያኑም በአንድ ገበያ ይውላል፣ በአንድ ቀብር ይቆማል። እንዲህ ላለው ሕዝብ «ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም።

ገበሬው ዜግነቱን አስቀድሞ የሚያውቀው በመሬቱ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31፣ ራሱ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። ቢያንስ በ20 ጋሻ ቦታ ላይም ገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ። መንግሥትን በባላባትና በጭቃ ሹም በኩል ብቻ ያውቅ የነበረው ሰው ስሙ በማኅበሩ መዝገብ ሰፈረ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የባልና የሚስት ፎቶግራፍ የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር ተሰጠው።

ያው መዝገብ ግን ሌላም ሥራ ሠርቷል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ሠፋሪ የሚመለመለው በገበሬ ማኅበራት በኩል ነበር። በዚያና በተከታዩ ዓመት ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ከተወሰደው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነው። ወዶ የሄደ አለ፤ ኮታ ለመሙላት ስሙ የገባም አለ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሲገደሉ፣ ከሟቾቹ መካከል የእነዚያ ሠፋሪዎች ቤተሰቦች ነበሩ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አርሰው፣ ልጅ ወልደው፣ አሁንም «መጤ» ነበሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። ለዚህ ሕዝብ አንቀጹ የሚለካው በኬላ ላይ ነው።

የቀበሌ መታወቂያ ለብዙ ዓመታት «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው። መተማ ወይም ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርድ ወጣት ኬላ ላይ መታወቂያውን ሲያወጣ፣ ከስሙ በፊት የሚነበበው ያ መስመር ሊሆን ይችላል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የሚመራው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የሚመዘግበው ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ነው፤ ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ማንነትን እንጂ ዜግነትን አያረጋግጥም፤ በሕግ የሚኖር የውጭ አገር ሰውም ያገኘዋል። ዜግነት ከእናት ወይም ከአባት የሚወረስ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ይበቃል።

ሕዝቡ ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» እያለ በሚጠራው ቀበሌ ደጃፍ የሚቆመው ሰው ይህን ሁሉ አንቀጽ አያነብም። የሚፈልገው መሸኛ ነው። መሸኛ ያልያዘ ሰው በሄደበት ቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል፤ መታወቂያ የሌለው ደግሞ ቤት ተከራይቶ ለመቀመጥም ሆነ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ይንገላታል። ሊቀ መንበሩ ገበያ ሄዷል፣ ማኅተሙ ተቆልፏል ተብሎ ሦስት ቀን የሚመላለስ አጫጅ የሥራውን ወቅት ያልፈዋል። በይዞታ ደብተሩ «መሐመድ»፣ በመታወቂያው «ሙሐመድ» ተብሎ የተጻፈ ሰውም፣ ስሙ ሳይመሳከር ከተሰናበተ፣ ለእርማት ያንኑ የአቀበት መንገድ ይመለሳል። የሰሊጡ አጨዳ በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ፣ መሸኛውና የስም ማስተካከያው በነሐሴ ቢጀመር ይደርሳል።