ሚኒሞው ከመነካቱ በፊት፦ የአሮጌ መኪና ሞተር አነሣሥና የዝግታ ዙር ችግሮች

የዛሬው ንግግሬ መነሻ ጦር ኃይሎች ከሚገኘው ቤቴ ደጃፍ የምትቆም፣ ባለ ካርቡሬተር አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ጠዋት አልነሣ ትለኝ ነበር፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ደግሞ መንገድ ላይ ስቆም ትጠፋብኛለች። አንድ ባለሙያ ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ በብሎኑ ከፍ አደረገልኝ። መጥፋቷ ቀረ፤ የቤንዚን ፍጆታዋ ግን ጨመረ፤ የጠዋቱም ችግር አልተፈታም። ምልክቱ ተሸፈነ እንጂ መንሥኤው አልተነካም።

ምርመራ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ፣ ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞረዋልን? ካላዞረው ወይም ካዘገመ፣ ባትሪውን እንለካ። የተሞላና ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ ይስባል። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሪኖው ካዘገመ ግን ማያያዣዎቹን እንመርምር፤ አዲስ ባትሪ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው።

ሞተሩ ዞሮ ካልተነሣ፣ ብልጭታን፣ ነዳጅንና አየርን በየተራ እንፈትሽ። እዚህ ላይ ካንዴላ ምስክር ነው፦ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ተመጣጥኗል፤ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል ወይም አየር በስንጥቅ ይገባል፤ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል።

የእኔዎቹ ጥቁር ነበሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡሬተር ይህንን በራሱ አያስተካክልም፤ ለዝቅተኛ ስፍራ የተቃኘ ከሆነ እዚህ ነዳጅ ያበዛል። በዚህ ላይ የቾኩ ክዳን በቆሻሻ ተጣብቆ መሐል ላይ ቆሞ ነበር። በብርድ ጊዜ በሚገባ ስለማይዘጋ መነሣትን ያስቸግራል፤ ሞተሩ ሲሞቅ በሚገባ ስለማይከፈት ድብልቁን ያበዛና ያጠፋዋል። ሁለቱ ችግሮች አንድ መንሥኤ ነበራቸው። ክዳኑን አጸዳሁ፣ ድብልቁን አስተካከልሁ፣ በመጨረሻም ሚኒሞውን ወደ 800 ዙር በደቂቃ መለስሁ። የተገዛ ዕቃ አልነበረም።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ውጤቱንም መዝግቡ። ሞተርን በተዘጋ ቤት አትሞክሩ፤ ጭሱ ይገድላል። የሚኒሞ ብሎን የምርመራ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም።