ካሜራው ሳይንቀጠቀጥ ሲዞር፦ ማን ቀረጸው?

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። እሳት የያዘው መስጂድ ይታያል፤ ካሜራው ሚናራውን ቀስ ብሎ ይዞረዋል። «ኡስታዝ፣ የት ነው ይሄ?» ይላል መልእክቱ። ለሌሎች ላስተላልፈው ስል አንድ ነገር ከነከነኝ፦ በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል እጁ ሳይንቀጠቀጥ የቀረጸው ማን ነው?

ለመመለስ ካሜራ እንዴት ተረጋግቶ እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ይጠቅማል።

የፊልም ሰዎች ካሜራውን በጋሪ ጭነው በሐዲድ ላይ ይገፉታል፤ ዶሊ ይባላል። ደረጃ ላይና ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ግን ሐዲድ አይዘረጋም። ይህን ችግር የፈታው አሜሪካዊው የካሜራ ባለሙያ ጋሬት ብራውን ነው። ስቴዲካም የተባለው መሣሪያው የተሠራበት የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ባውንድ ፎር ግሎሪ» ነው። የካሜራው ክብደት በስፕሪንግ ክንድ አማካኝነት ካሜራማኑ በለበሰው ሰደርያ ላይ ያርፋል፤ የእርምጃውን ንዝረት ስፕሪንጉ ይውጠዋል።

ዛሬ ለስልክ የሚሸጠው ጊምባል በሌላ መንገድ ይሠራል። ዳሳሹ የእጅን መዞር ይለካል፤ ሦስት ትናንሽ ሞተሮች ስልኩን በተቃራኒው እያዞሩ ያስተካክሉታል። የእርምጃን ከፍና ዝቅ ማለት ግን አያጠፋም። ስለዚህ የሚቀርጸው ሰው ጉልበቱን ጠፍ አድርጎ፣ ተረከዙን አስቀድሞ ይራመዳል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት በተፈጠረ ቪዲዮ ውስጥ ካሜራም ካሜራማንም የለም። ተጠቃሚው «ካሜራው በዝግታ ይዙር» ብሎ ይጽፋል፤ ሞዴሉ ከተማረባቸው ቪዲዮዎች ተነስቶ እንቅስቃሴው ምን ሊመስል እንደሚችል ይገምታል። እውነተኛ ካሜራ ሲንቀሳቀስ ቅርብ ያለው ቶሎ፣ ሩቅ ያለው ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ከመኪና መስኮት የስልክ እንጨቱና ተራራው እንደሚታዩት ማለት ነው። ሞዴሉ ይህንንም አስመስሎ ይሠራል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ከእይታ የወጣ ነገር ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። መጀመሪያ ሚናራው ሁለት ሰገነት ነበረው፤ ካሜራው ዞሮ ሲመለስ ሦስት ሆኗል። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍም ዐረብኛ ይመስላል እንጂ አይነበብም።

የካሜራ መረጋጋት ብቻውን የሐሰት ምልክት አይደለም፤ በድሮንና በጊምባልም እንዲሁ ይቀረጻል። ስህተት አለመታየቱም እውነት ነው አያሰኝም፤ ሞዴሎቹ በየጊዜው ይሻሻላሉ። ስለዚህ ከማጋራታችን በፊት የት፣ መቼ፣ ማን ቀረጸው ብለን እንጠይቅ።

ለተማሪዬ «የትም አይደለም» ብዬ መለስኩለት።