ሸክላ መሰል ፖርሴሊን በምግብ ቤት ገበታ ላይ



ለምግብ ቤቶች ከሚቀርቡ የገበታ ዕቃዎች መካከል የገጠር መልክ የተሰጠው የፖርሴሊን ጎድጓዳ ሳህን ይገኛል። ጠርዙ ሆን ተብሎ የተዛነፈ፣ ገጹ ነጠብጣብ የበዛበት፣ ቀለሙ አፈር የመሰለ ነው። በእጅ የተበጀ ይመስላል፤ የሚወጣው ግን ከፋብሪካ ነው። በሌላ በኩል፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በቆቦ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ሽሮ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል። ሁለቱን ዕቃዎች የሚለያቸው ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት እሳቱ ነው። ባህላዊው ሸክላ በሜዳ ላይ፣ በማገዶና በኩበት ክምር ውስጥ ይተኮሳል፤ ሙቀቱም በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ፖርሴሊን ካዎሊን ከተባለው ነጭ አፈር፣ ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ ተቀምሞ ከ1200 ዲግሪ በላይ ይተኮሳል። በዚህ ሙቀት ከፊሉ ቀልጦ እንደ መስተዋት ስለሚሆን ውሃ አይዘልቀውም። ሸክላው ግን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። በራያ ቆላ ሐሩር የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው በግድግዳው ሰርጎ በውጭ በኩል ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ድስቱም ፍም ላይ ተጥዶ የሚጸናው፣ እነዚህ ቀዳዳዎችና ሸክላ ሠሪዋ ከጭቃው ጋር የምትለውሰው አሸዋ ወይም የገል ዱቄት ስንጥቅ እንዳይስፋፋ ስለሚገቱት ነው። ሸክላ መሰሉ ፖርሴሊን ፍም ላይ ቢጣድ ይሰነጠቃል። የሸክላን መልክ ወስዷል፤ ሥራውን አልወሰደም።

ይህን ስል ፖርሴሊንን መንቀፌ አይደለም። ቅባት አይዘልቀውም፤ በሳሙና ይታጠባል። ሸክላ ድስት ሳሙና ይጠጣል፤ አስቀድሞም መሟሸት ይሻል። ለሰላጣና ለሾርባ ፖርሴሊኑ ይሻላል ባይ ነኝ። ለሽሮ ግን አይሆንም፤ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ይበርዳል።

የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓናዊው የሻይ ሥርዓት መምህር ሴን ኖ ሪኪዩ በእጅ የተበጀ ሻካራ ጽዋን ለክብር አበቃ። ጽዋዎቹን የሠራለት የቾጂሮ ስም ተመዝግቦ ቀረ፤ ራኩ የተባለው ቤተሰብም እስከ ዛሬ በሙያው ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ስትባል ኖራለች። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያመለክታል። ስድቡ በአዋጁ አልጠፋም። አሁን ደግሞ የእጇን ሻካራነት ፋብሪካ አስመስሎ ሲሠራው ጌጥ ተብሎ ዋጋ ያወጣል፤ እርሷ ግን ድስቷን በገበያ ተከራክራ ትሸጣለች።

የቆቦ ምግብ ቤቶች ከዚህ የተሻለ መንገድ አላቸው። ለሸክላ ሠሪዋ የድስቱን ልክ፣ የክዳኑንና የመቀመጫውን ቅርጽ ነግረው፣ ዋጋውን አስቀድመው ተዋውለው ማሠራት ይችላሉ። ጭቃው ሳይደርቅ ስሟን ከሥሩ ብትጽፍበት ደግሞ ተመጋቢው ከማን እጅ እንደበላ ያውቃል።