ያልተሰበረው ዕቃ ምን ይነግረናል? ከአትላንታ የተነሳው አውሮፕላን አደጋ እና የአስተማማኝነት ስሌት

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነሐሴ 21/1995 የአትላንቲክ ሳውዝኢስት አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 529 አውሮፕላን 29 ሰዎችን አሳፍሮ ከአትላንታ ወደ ሚሲሲፒዋ ጋልፍፖርት ተነሳ። ጥቂት እንደበረረ ከግራ ፕሮፔለሩ አራት ምላጮች አንዱ ተሰበረ። የሞተሩ አካል ተጣመመ፤ አውሮፕላኑም ከፍታውን መጠበቅ ተስኖት በጆርጂያዋ ካሮልተን ከተማ አቅራቢያ ወደቀ። ዋና አብራሪውን ጨምሮ የሰዎች ሕይወት ቢያልፍም አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ተርፈዋል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ እንደሚያሳየው፣ በምላጩ ውስጠኛ ክፍል ዝገት የፈጠራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ወደ ስንጥቅ ተለውጠው ነበር። ምላጩ ቀደም ሲል በአምራቹ ተመርምሮና ተጠግኖ ወደ ሥራ የተመለሰ ቢሆንም ምርመራውም ሆነ ጥገናው በቂ አልነበረም።

በ1994 በካናዳ እና በብራዚል ሁለት ምላጮች ተሰብረው ነበር። ታዲያ ጥቂት ዕቃዎች ሲሰበሩ፣ በሥራ ላይ ስላሉት ብዙዎች ምን ማለት ይቻላል?

ጫና እና ጥንካሬ

መሐንዲሶች ይህን ጥያቄ ከሚመልሱባቸው መንገዶች አንዱ ጫናን ከጥንካሬ ጋር ማነጻጸር ነው። አስተማማኝነት ማለት የዕቃው ጥንካሬ ከሚደርስበት ጫና የመብለጡ ዕድል ነው።

አማካይ ቁጥር ብቻውን ግን ያሳስታል። ለምሳሌ አማካይ ጥንካሬ 50፣ አማካይ ጫና ደግሞ 40 ነው እንበል። ሁለቱም በአማካዩ ዙሪያ በተለመደው የደወል ቅርጽ የሚሰራጩ ሆነው መደበኛ ልዩነታቸው 2 ቢሆን፣ አስተማማኝነቱ 99.98 በመቶ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ወደ 5 ከፍ ቢል ግን፣ አማካዮቹ ሳይነኩ፣ ወደ 92 በመቶ ያሽቆለቁላል። ይህም ከ100 ዕቃዎች 8 ያህሉ ይሰበራሉ እንደማለት ነው።

ያልተሰበሩትን መቁጠር

ጥንካሬን ለማወቅ ዕቃው እስኪሰበር መፈተን ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራ አንድ ናሙና በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ እየታጠፈ ሊፈተን ይችላል። ሳይሰበር ከቀረ ሙከራው ይቆማል፤ የሚታወቀው ዕድሜው ከዚያ በላይ መሆኑ ብቻ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን "ሴንሰርድ" ወይም ክትትሉ የተቋረጠ መረጃ ይሉታል። ጥንካሬ በዕድሜ ሲለካ፣ ጫናው ከዕቃው የሚጠበቀው የአገልግሎት ዘመን ይሆናል።

አሥር ዕቃዎች ለ5,000 ሰዓት ተፈተኑ እንበል። አራቱ በ1,000፣ በ2,000፣ በ3,000 እና በ4,000 ሰዓት ተሰበሩ፤ ስድስቱ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። የተሰበሩትን ብቻ የቆጠረ ሰው አማካይ ዕድሜው 2,500 ሰዓት ነው ይላል። ስድስቱ በ5,000 ሰዓት እንደተሰበሩ የቆጠረ ደግሞ 4,000 ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የመሰበር ዕድሉ ከዕድሜ ጋር የማይለወጥ ከሆነ፣ ትክክለኛው መንገድ ሁሉም የሠሩበትን 40,000 ሰዓት ለአራቱ ስብራቶች ማካፈል ነው፤ ውጤቱም 10,000 ሰዓት ይሆናል። እየቆየ ለሚዝል ብረት ግን ዕድሜ ሲጨምር አደጋውም ስለሚጨምር፣ ስዊድናዊው መሐንዲስ ዋሎዲ ዋይቡል በ1951 በሰፊው ያስተዋወቀው ቀመር ይመረጣል።

የስሌቱ ገደብ

ይህ ስሌት የሚሠራው ክትትሉ የተቋረጠበት ምክንያት ከዕቃው ድካም ጋር ካልተያያዘ ነው። አንድ ምላጭ ስንጥቅ ተጠርጥሮበት ከሥራ ቢወጣና "ሳይሰበር የቆየ" ተብሎ ቢመዘገብ፣ ውጤቱ ዕቃዎቹን ከእውነታው በላይ ጠንካራ አድርጎ ያሳያል።

የስብራት አለመኖርም ዋስትና አይደለም። ከተፈተኑ 300 ዕቃዎች አንድም ባይሰበር፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሊባል የሚችለው የመሰበር ዕድሉ ከ100 አንድ ገደማ እንደማይበልጥ ብቻ ነው። ለመንገደኞች አውሮፕላን ይህ ከበቂ በታች ነው።

ስሌቱ ዕቃዎቹ ሁሉ ተመሳሳይ እንደሆኑም ይገምታል። ከአትላንታ የተነሳው አውሮፕላን ምላጭ ግን ውስጡ በዝገት ተጎድቶ ስለነበር ከጤነኞቹ ጋር በአንድ መዝገብ ሊቆጠር አይገባውም ነበር። ቀመሩ የትኛው ዕቃ መቼ መመርመር እንዳለበት ይጠቁማል፤ የተደበቀውን ስንጥቅ የሚያገኘው ግን በአግባቡ የተካሄደ ምርመራ ነው።