ፍላሽ ስለ ራሱ የሚናገረውን እንመን?

ፍላሽ ስንሰካ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ፋይል ወደ መክፈት አይሄድም፤ መጀመሪያ መተዋወቅ አለ። «አንተ ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፍላሹም 18 ባይት የሆነ አጭር መግለጫ ይልካል። የአምራቹና የምርቱ መለያ ቁጥሮች እዚያ ውስጥ አሉ። ከዚያ «ኢንኳየሪ» የሚባል ሌላ ጥያቄ ይከተላል። የዚህኛው መደበኛ መልስ 36 ባይት ሲሆን፣ 8ቱ ለአምራቹ ስም፣ 16ቱ ለምርቱ ስም፣ 4ቱ ደግሞ ለሥሪቱ ቁጥር የተያዙ ናቸው።

ግን እኮ መልሱን የሚሰጠው ፍላሹ ራሱ ነው። ውስጡ ያለው ፕሮግራም በጥድፊያ የተሠራ ከሆነ መልሱ ሊጎድል ወይም ሊሳሳት ይችላል። ታዲያ ኮምፒውተሩ «አላውቅህም» ብሎ ቢያባርረው የሚጎዳው ማን ነው? ፋይሉ እዚያ ውስጥ ያለበት ሰው!

ሊኑክስ ምን እንደሚያደርግ እንይ። መልሱ ከ36 ባይት ካነሰ ማስጠንቀቂያ ይመዘግብና 36 እንደሆነ ቆጥሮ ይቀጥላል። በትክክል መመለስ የማይችሉ የታወቁ መሣሪያዎች ደግሞ በመለያ ቁጥራቸው ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ለእነሱ ሊኑክስ ራሱ መልሱን ይሞላላቸዋል።

በአንድ የመሳሳት ነገርም አለ። የፍላሽ ክፍሎች የሚቆጠሩት ከ0 ጀምሮ ነው። 100 ክፍል ካለ የመጨረሻው 99ኛ ቁጥር ነው ማለት ነው። አንዳንድ መሣሪያ ግን «የመጨረሻው ቁጥርህ ስንት ነው?» ሲባል «100» ይላል። ኮምፒውተሩ የሌለውን ክፍል ሊያነብ ሲሞክር መሣሪያው ድርቅ ሊል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ይህ ችግር እንዳለበት ከሚታወቅ መሣሪያ መልስ ላይ 1 መቀነስ።

ሲሪያል ቁጥር የሌለው ፍላሽስ? ዊንዶውስ የሚለየው በተሰካበት ፖርት ነው። ወደ ሌላ ፖርት ብታዞሩት እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል።

እስካሁን ያየናቸው ስህተቶች የሚያዙ ናቸው። ከባዱ፣ አሟልቶ የሚዋሽ ፍላሽ ነው። ውስጡ 32 ጊጋባይት ብቻ ይዞ «1 ቴራባይት ነኝ» ቢል መልሱ ቅርጹን የጠበቀ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ያምነዋል። ቦታው ሲሞላ የምትጨምሩት ፋይል የተቀዳ ይመስላል፤ በኋላ ስትከፍቱት ግን የለም ወይም ተበላሽቷል።

ይህን ለማወቅ ጥያቄ አይበቃም፤ ፍላሹን እስከ ጫፍ ሞልቶ የተጻፈውን መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። «ኤፍ 3» የተባለው ነፃ ፕሮግራም የሚሠራው ይህንኑ ነው። አዲስ ፍላሽ ከገዛችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት፣ ገና ባዶ ሳለ ፈትሹት።