ካንዴላ በቤት መቀየር፦ የሚባለውና እውነታው

መኪና ጠዋት ሲነሣ ከተንቀጠቀጠ፣ ቤንዚን ካበዛ ወይም ዳገት ላይ ከሰነፈ ጎረቤቱም፣ ሾፌሩም፣ የመኪና ማቆሚያው ጠባቂም የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፦ «ካንዴላው ነው፤ አውጥተህ ፈትገው።» ምክሩ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። የአዲስ አበባን መንገድ ሰማያዊና ነጭ ላዳ በሞላበት፣ ሞተሩም በካርቡራተር በሚሠራበት ዘመን፣ ካንዴላ አውጥቶ መፈተግና መልሶ ማሰር የማንኛውም ጎበዝ ሾፌር ሙያ ነበር። ለዚያ ሞተር ምክሩ ትክክል ነበር። ዛሬ በየሰፈሩ የቆመው ቪትስ፣ ያሪስና ኮሮላ ግን ካንዴላውም የሚያቀጣጥልበት መንገድም ተቀይሯል። ካንዴላ ቤት ውስጥ መቀየር የሚቻል ሥራ ነው፤ ሞተር የሚበላሸው የትናንቱ ልማድ ዛሬ ባለው ሞተር ላይ ሲሠራበት ነው።

«የመካኒክ ብቻ ሥራ ነው»

ይህን የሚወስነው የሞተሩ ዓይነት ነው። ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር በተደረደሩባቸውና ኮይሉ በቀጥታ ካንዴላው ላይ በሚቀመጥባቸው ትናንሽ የቤንዚን መኪኖች ሥራው ቀላል ነው። የላይኛው የፕላስቲክ ሽፋን ይነሣል፣ የኮይሉ ሶኬት ይነቀላል፣ ኮይሉን የያዘችው ቡሎን በ10 ቁጥር መፍቻ ትፈታለች፣ ኮይሉ ቀጥ ብሎ ይሳባል፤ ካንዴላው ከጉድጓዱ ግርጌ ይገኛል። ብዙዎቹ 16 ቁጥር፣ አንዳንድ አዳዲሶቹ 14 ቁጥር የካንዴላ መፍቻ ይፈልጋሉ። ቪ 6 ሞተር በአግድም የተቀመጠበት መኪና ከሆነ ግን ከኋላ ያሉት ሦስቱ ካንዴላዎች ብዙ ጊዜ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ሥር ስለሚደበቁ ጋራዥ መውሰዱ ይሻላል። የናፍጣ መኪና ያለው ሰው በዚህ አይጨነቅ፤ ናፍጣ የሚነደው ታምቆ በጋለ አየር ስለሆነ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም።

መፍቻው ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር አይዘለል። በበጋ ወራት በባትሪ መብራት ወደ ጉድጓዱ ቢመለከቱ፣ በካንዴላው ዙሪያ የተጠራቀመ ደቃቅ አቧራ፣ አንዳንዴም ጠጠር ያያሉ። ካንዴላው ሲወጣ ያ ሁሉ ወደ ሲሊንደሩ ይወርድና በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ይፈጫል። ጎማ በሚነፋበት ፓምፕ ቀድሞ ማራገፍ ይገባል። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ከተኛ ደግሞ ያረጀው የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን ነው፤ ካንዴላ ቢቀያየር ያ ዘይት አይቆምም።

«ሞተሩ ሲሞቅ በቀላሉ ይፈታል»

ሊመስል ይችላል። የዛሬው ሞተር ቴስታታ (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ) ግን አልሙኒየም ነው፣ የካንዴላው ገላ ደግሞ ብረት። የጋለ አልሙኒየም ለስላሳ ስለሆነ ካንዴላው በግድ ሲዞር የቴስታታውን ጥርስ እየላጠ ይወጣል። ቢቻል መኪናው ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ሳይነሣ መፍታት ነው።

«ጥብቅ ካላደረጉት ይፈናጠራል»

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው እምነት ይህ ነው። የላላ ካንዴላ በእርግጥ አደጋ አለው፤ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ ያቅተዋል፣ ጭስም ያፈተልካል። ነገር ግን በረጅም መፍቻ ተደግፎ እስኪንቋቋ የሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። ካንዴላ በቀላል ወጪ ይተካ ይሆናል፤ የተበላ የቴስታታ ጥርስ ግን ቶርኖ ቤት ያስሄዳል።

ልኩ የታወቀ ነው። 14 ሚሊ ሜትር ጥርስና ማኅተም ቀለበት ላለው ካንዴላ በአልሙኒየም ቴስታታ ላይ የተለመደው ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው፤ የመኪናው መመሪያ ከዚህ ያነሰ ካዘዘ የመመሪያው ይበልጣል። ቶርክ መፍቻ ከሌለ፣ አዲሱ ካንዴላ በእጅ ዞሮ ቀለበቱ ቴስታታውን ከነካ በኋላ በመፍቻ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይጨመርለታል። በዚያ ጊዜ ቀለበቱ ሲታመቅ እጅ ላይ ይታወቃል። ቀለበት የሌለው፣ መቀመጫው ሾጣጣ የሆነ ካንዴላ ግን አንድ አሥራ ስድስተኛ ዙር ገደማ ይበቃዋል። ይህን ሳያዩ ግማሽ ዙር የሚጨምሩለት ካንዴላ በሚቀጥለው ጊዜ እሺ ብሎ አይወጣም።

አገባቡም ከማጥበቁ አያንስም። አሥር ሳንቲም ሜትር የሚሆን የጎማ ቱቦ በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ያጥልቁና በቱቦው ይዘው ወደ ጉድጓዱ ያውርዱት። መጀመሪያ ወደ ግራ በቀስታ ያዙሩት፤ ጥርሱ ከጥርስ ሲገጥም ትንሽ ወረድ ይላል። ያኔ ወደ ቀኝ ያዙሩ። ጥርሱ ከተዛነፈ ቱቦው በካንዴላው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አያስገድደውም። መፍቻ የሚገባው ካንዴላው በእጅ እስከ መጨረሻው ከወረደ በኋላ ብቻ ነው። ጥርሱን ግራሶ መቀባትም የቆየ ልማድ ነው። እንደ ኤንጂኬ ያሉ አምራቾች ግን ጥርሱ ከፋብሪካው ተለብጦ ስለሚወጣ ቅባት አያስፈልገውም ይላሉ፤ ቅባቱ ጥርሱን ስለሚያሾልከው መፍቻው የሚያሳየው ልክ ትክክል ቢሆንም ካንዴላው ከሚገባው በላይ ይጠብቃል።

«በአሸዋ ወረቀት ፈትጎ መመለስ ነው»

ለላዳው የኒኬል ካንዴላ ይህ ለጥቂት ጊዜ ይሠራ ነበር። የኢሪዲየም ካንዴላ መሐል ዘንግ ጫፍ ግን በአንዳንዶቹ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ የአሸዋ ወረቀት ወይም የሽቦ ብሩሽ ይሰብራታል። ሽቦው ሸክላው ላይ የሚተወው የብረት ጭረት ደግሞ ኤሌክትሪኩን በአቋራጭ ይወስደዋል። ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተትም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ፕላቲን (ኮንታክት) በነበረው የድሮ ላዳ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ይስተካከል ነበር፤ የብዙ የዛሬ ካንዴላ ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በድሮው ልክ እየቀጠቀጡ ማጥበብ ብልጭታውን ያሳንሰዋል። ከእጅ ወድቆ ሲሚንቶ የመታ አዲስ ካንዴላም ሸክላው ውስጡ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ባይገባ ይሻላል።

«ኢሪዲየም ጉልበት ይጨምራል»

የሚጨምረው ዕድሜ ነው። ኢሪዲየም የሚቀልጠው በ2,446 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ኒኬል በ1,455። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ ይበራል፤ በእያንዳንዱ ብልጭታ ጫፉ በጥቂቱ ይበላል። የኒኬሉ 30,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ የሚደክመው፣ ኢሪዲየሙ ብዙ ጊዜ 100,000 የሚሄደው በዚህ ነው። ያረጀን ካንዴላ የቀየረ ሰው መኪናው «ጎበዘ» ሲል የጠፋው ጉልበት ተመልሶለት ነው። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ኮይሉ የሚጠየቀው ቮልት ስለሚጨምር፣ በጊዜ የተቀየረ ካንዴላ ኮይልንም ያድናል።

«ጠቆረ ማለት ሞተ ማለት ነው»

የወጣውን ካንዴላ በየሲሊንደሩ ተራ ደርድሮ ማየት ብዙ ይናገራል። ጫፉ ቀላል ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚኑ ከአየሩ መብዛቱን ያሳያል። የካርቡራተር መኪና ከሆነ ከፍታው ራሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከጠረፍ ከተማ በሩብ ያህል ያንሳል፣ ለጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ቤንዚን በመርፌ (ኢንጀክተር) የሚረጭ ሞተር አየሩን እየለካ ራሱን ስለሚያስተካክል፣ እሱ ላይ ጥላሸት ከታየ የአየር ፊልትሮውንና ሴንሰሮቹን መመርመር ነው። እርጥብና ዘይታማ ጥቁረት ከሆነ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ማኅተም ያለቀበት ሞተር ነው፤ አዲስ ካንዴላ በሳምንታት ውስጥ ያንኑ መልክ ይይዛል።

ብዙ ሰውን የሚያስደነግጥ ሌላ ምልክት አለ፦ ከብረቱ በላይ በነጩ ሸክላ ዙሪያ የሚታይ ቡናማ ቀለበት። «ጭስ አፈትልኮ ነው፣ አልጠበቀም» ይባልና በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይጠበቃል። ያ ምልክት ከፍተኛው ቮልት በአየሩ ውስጥ ያለውን የዘይት ብናኝ ስቦ ሸክላው ላይ ያስቀመጠው እድፍ ነው። ጉዳት የለውም።

የሚንቀጠቀጥን ሞተር ሁሉ ካንዴላ ላይ ማላከክም ስህተት ነው። በመመርመሪያ ዕቃ ፒ 0302 የሚል ኮድ ከተነበበ ችግሩ ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ ነው። የሁለተኛውን ኮይል ወደ ሦስተኛው ማዛወርና እንደገና ማንበብ፤ ቁጥሩ ወደ 0303 ከተቀየረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፣ ሳንቲም ሳይወጣ ታወቀ። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን መንዳት ይቁም፤ ያልነደደው ቤንዚን የጭስ ማጣሪያውን አግሎ ያቃጥለዋል።

ሲገዙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመለዋወጫ ገበያ ውስጥ አስመስሎ የተሠራ ካንዴላ አለ። ሳጥኑ አይመሰክርም፣ ካንዴላውን ራሱን ያውጡት። ቀለበቱ በጣት ሲነካ ዱብ የሚል፣ ጥርሱ ሸካራ የሆነ፣ የሸክላው ጽሑፍ የደበዘዘ፣ የጫፏ ብየዳ የተጣመመ ከሆነ ይመልሱት። ቁጥሩንም ከአሮጌው ወይም ከመመሪያው ጋር ያመሳክሩ፤ የሙቀት ደረጃ ቁጥሩ በኤንጂኬና በዴንሶ ሲጨምር ቀዝቃዛ ማለት ነው፣ በቦሽ ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው «ቁጥሩ ተመሳሰለ» ብሎ መውሰድ አይሆንም።

ሲፈታ ጥቂት ዞሮ የሚይዝ ካንዴላ ካጋጠመ አያስገድዱት። ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው ዝገት አላቃቂ ዘይት ጠብ ያድርጉበት፣ አንድ ሰዓት ይተዉት፣ ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሉ በጥቂት በጥቂቱ ያውጡት። ያም ካልሆነ መልሰው ሳያጠብቁት ጋራዥ ይደውሉ፤ ያልተቆረጠን ካንዴላ ማውጣት ለመካኒኩም ቢሆን ከተቆረጠው እጅግ ይቀላል።